ማሳረጊያው የየኔታ ነበር

ኧረ እኔስ ይህን ሳልናገር አልሞትም! የኔታ ወልደ ጻድቅን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ግን የሚያውቃቸው ሁሉ የሚያወራው ያቺኑ ቀልድ ነው፤ «በገበያ መሐል ሰው አቁመው ባለቤቱ የት አለ የሚሉት መሪጌታ» እያለ። ይሳቅ፣ እኔም እስቃለሁ። ነገር ግን እኒህ ሰው ለእንግሊዝኛ ሲሉ ምን ጥለው እንደመጡ፣ አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ እኛው ተማሪዎቻቸው ጉድ ልንሠራቸው ምን ያህል እንደቀረን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ስሜ ጥሩሐረግ ገብረ አምላክ ነው፤ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ዛሬ፣ በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.፣ እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሲያቋርጡኝ ቶሎ ይሞቀኛልና እስክጨርስ አታቋርጡኝ።

የኔታ የጋዝጊብላ ገበሬ ልጅ ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በኻምጣኛ ነው። አማርኛን የለመዱት ቆሎ ተማሪ ሆነው ሰው ደጅ ቆመው ሲለምኑ ነው፤ «ውሻ እያባረረኝ ነው የተማርኩት፣ ለዚህ ነው አማርኛዬ የሚሮጠው» ይላሉ። ከዚያ ግዕዙን፣ ከዚያ ቅኔውን ዘለቁት። መሪጌታ ተባሉ፤ ከደብራቸው ለአገልግሎታቸው መሬት ተሰጣቸው፤ ተከብረው ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ጎደለው ትላላችሁ? ምንም! ከነገር በቀር።

በ፲፱፻፴፮ ዓ.ም. ደብሩ በመሬት ወሰን ተካሰሰና ነገሩን ይዘው ደሴ እንዲቆሙ የኔታን ላካቸው። ዳኛው ዛሬ ሂድ ነገ ተመለስ እያለ ሦስት ዓመት አመላለሳቸው። የኔታ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አያውቁም። ከፍርድ ቤቱ ማዶ አንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ ቀጠሯቸው በተላለፈ ቁጥር እየሄዱ በመስኮቱ ሥር ይቆማሉ። አንድ ቀን አስተማሪው ወጣና «አባቴ፣ ከሚቆሙ ለምን ገብተው አይቀመጡም?» አላቸው። ገቡ። ጺማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ሰው ከሕፃናት መሐል ተቀምጠው ኤ ቢ ሲ አሉ! በሦስተኛው ዓመት ክሱን ተረቱ። መሬቱን አጥተው እንግሊዝኛ ይዘው ተመለሱ።

ደብሩ እንዴት እንደተቀበላቸው መቼም አይጠየቅም። «እኛ ለርስት ብንልከው የፈረንጅ አፍ ለቅሞ መጣ» ተባለ። ሰቆጣ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈትና እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ሲጠፋ የኔታ በጊዜያዊነት ተቀጠሩ፤ ያኔ ደግሞ ደብሩ ቦታቸውንም መሬታቸውንም ለሌላ ሰው ሰጠ። የገዛ አባቴ፣ ቄስ ገብረ አምላክ፣ «የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ እያለም ግን እኔን ልጁን እሳቸው ዘንድ ላከኝ። አይ አባቴ!

የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ክፍሏ የድንጋይ መደብ ዙሪያዋን ያላት፣ ቆርቆሮዋ ነፋስ ሲመጣ የሚያጨበጭብ ነበረች። ከአርባ ልጆች ሴቶቹ ሦስት ነን። የኔታ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ ገቡና ገና «እንደምን አደራችሁ» ሳይሉን «ልጆቼ፣ ጉድ ልንገራችሁ!» አሉ። ዓይናቸው ይበራል። «እኛ በአማርኛም በኻምጣኛም የነገሩን ማሰሪያ፣ ግሱን ማለቴ ነው፣ የምናስረው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዞች መሐል ላይ ያስሩታል! መሐል ላይ!» ብለው መቋሚያውን በሁለት እጃቸው ከወገቡ ያዙና እያሽከረከሩ አሳዩን። አንድ ነገር እንዲህ ሰውን ሲያስደስት እኔ ከዚያ በፊት ያየሁት የሠርግ ዕለት ብቻ ነው።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ዘ ፋርመር ፕላውስ ዘ ላንድ» የሚለውን ጻፉ። ገበሬው መሬቱን ያርሳል ማለት ነው። «ባለቤቱ ማነው? ገበሬው። ምን ያደርጋል? ያርሳል። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የለም። እኛ ‹አረሰ› ብንል ይበቃናል፤ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ተኝቷል። እንግሊዝ ግን ባለቤቱን ደጃፍ ላይ ሳያቆም ወደ ነገሩ አይገባም።» አንዱ ልጅ እጁን አወጣና ሁለቱ ካሉ ሁልጊዜ ይሞላ እንደሆነ ጠየቀ። ተስፋው ነበር፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ ከሁላችን ፈጣኑ። የኔታ ደስታቸውን አልቻሉትም። «እሰይ የኔ ልጅ! አይሞላም! ‹ዌን ዘ ሬይን ከምስ› ብልህስ? ዝናብ ሲመጣ… ባለቤቱም አለ፣ ግሱም አለ፣ ግን ሲመጣ ምን? ይህን ብሎ የሚያቆም ሰው፣ ያውም በዋግ ምድር፣ ጨካኝ ነው! ዝናብ ሲመጣ ምን እንሆናለን? ጨርስልን እንጂ!» ብለው ሲጮኹ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሳቅን እንጂ ገብቶናል፤ ዝናብ ሲመጣ ብሎ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ያ የገበያው ቀልድም እውነት ነው። አንድ የዚሁ የዋጉ ዝቋላ ሰው ሁለት ፍየል ይዞ ሲጣራ፣ ዋጋ ተስማምቶ «በቃ፣ ሸጥኩ!» ይላል። የኔታ በዚያ ሲያልፉ ሰምተው «ሸጥኩ! ባለቤቱስ የት አለ?» አሉት። ሰውየው ደንግጦ «ባለቤቴማ እዚያ አገሬ ጽጽቃ፣ ቤት ናት መምሬ፤ ፍየሉን ሽጠህ ጨው ግዛ ብላ ልካኝ ነው» አለ። እስከ ዛሬ ይህን እየደገመ የማይስቅ የለም።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልምጣ። የኔታ ሲያስተምሩ ያደጉበትን መንገድ ነው የያዙት። በእሳቸው ቅኔ ቤት ተማሪ መምህሩ ፊት ቆሞ ይጀምራል፤ የሚያሳርጉት ግን መምህሩ ናቸው። መምህሩ እያሉ መጨረሻውን ከአፋቸው ነጥቆ የሚጨርስ ተማሪ አባቱ ሳይቆርስ እንደሚበላ ልጅ ነው፤ ነውረኛ ነው። የኔታም እንደዚሁ አደረጉን። አንዳችን ተነሥተን «ዘ ፋርመር…» እንላለን፤ እሳቸው መቋሚያውን ወለሉ ላይ ጧ! አድርገው «ፕላውስ ዘ ላንድ!» ብለው ያሳርጋሉ። «ዘ ካው…» ስንል፣ ጧ! «ጊቭስ ሚልክ!» ይላሉ። ደብተራችን ላይ እስከ መጨረሻው እንጽፋለን፤ በአፍ ግን ማሳረጊያው የሳቸው ነው። ደስ ሲል! ማኅሌት እንጂ ትምህርት አይመስልም። ሦስት ዓመት እንዲህ ተማርን፤ ከእኛ አንዱ እንኳ ይህ ነገር አንድ ቀን ይጎዳናል ብሎ አላሰበም። እሳቸውም አላሰቡም።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ከትንሣኤ በፊት ከደሴ ደብዳቤ መጣ። ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ጊዜያዊ መምህራንን ክፍል ገብቶ ይመረምራል፤ ተማሪዎቹ መልስ ያጡበት መምህር ይሰናበታል። የኔታ ደብዳቤውን ራሳቸው አነበቡልን። ከዚያ አጠፉትና «ልጆቼ፣ እኔ ነገር አልደብቃችሁም። ከዚህ ከወጣሁ የምመለስበት ደብር የለኝም፤ የማርሰው መሬት የለኝም። ያለኝ እናንተ ናችሁ» አሉ። አርባችንም ማልን። «በመስቀለ ክርስቶስ፣ አናሳፍርዎትም የኔታ!» አልን። ሳምንቱን ሙሉ ውኃ ስንቀዳ፣ እንጨት ስንሰብር፣ እንግሊዝኛችንን ስናነበንብ ሰነበትን። እናቴ «ይቺ ልጅ ተለከፈች» ብላ ጸበል ልትወስደኝ ነበር።

ተቆጣጣሪው አቶ ገብረ ኪዳን ይባላል። ከቆረም በበቅሎ ሁለት ቀን መጥቶ፣ ክራባቱ ላይ አቧራ እንደተኛ፣ ቀጥ ብሎ ክፍላችን ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ደክሞታል፤ የደከመው ሰው ደግሞ ፊቱ አይነበብም። የተጠቀለለ ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ ገበሬ፣ በሬ፣ ላም፣ ከወንዝ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች። ልባችን ፈነጠዘ! ገበሬውም ላሚቱም የእኛው ናቸው፤ ስንት ጊዜ ብለናቸዋል! ተስፋው በክርኑ ጎሸም አደረገኝና «ታለፈች!» አለኝ።

አቶ ገብረ ኪዳን ወደ የኔታ ዞረና «መሪጌታ፣ እርስዎ ከኋላ ይቁሙ። እኔ እስክፈቅድልዎ አንድ ቃል እንዳይናገሩ» አለ። የኔታ እጅ ነሥተው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። «ተማሪዎች፣ ሥዕሉን አይታችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ትነግሩኛላችሁ። ሙሉ ብያለሁ። አንተ ጀምር።»

ተስፋው እንደ ንጉሥ ተነሣ። ደረቱን ነፍቶ «ዘ ፋርመር…» አለ። ቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ የኔታን አያቸው።

ዝም።

የኔታ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከዚያ የተቆጣጣሪው ትእዛዝ ትዝ አላቸውና እንደ ያዙት አየር ላይ ቀረ። ተስፋው ይጠብቃል። እኛ እንጠብቃለን። አቶ ገብረ ኪዳንም ይጠብቃል። «ቀጥል እንጂ! ዘ ፋርመር ምን?» አለው። ተስፋው ዳግም ወደ ኋላ ዞረ፤ የኔታ ቆመው እያሉ እሱ እንዴት ያሳርግ? ተቀመጠ። ተቆጣጣሪው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫረ። ሁለተኛው ልጅ ተነሣ፤ «ዘ ካው…» አለና ወደ ኋላ አየ። ዝም። ሦስተኛው «ዘ ዊሜን…» አለ። ዝም። ብእሩ ይጭራል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ማርያምን፣ የዚያን ዕለት ነቀዘ!

ዘጠነኛው ልጅ ሲቀመጥ ዞሬ የኔታን አየኋቸው። መቋሚያቸው አሁንም አየር ላይ ነው። ያኔ ነው የገባኝ፤ እንደ እሳት ነው የገባኝ። እኛ እናውቃለን! ሁላችንም እናውቃለን! እሳቸውን ስላከበርን ነው እየገደልናቸው ያለነው። በራሴ ተናደድኩ፣ በተስፋው ተናደድኩ፣ በዚያ ብእር ተናደድኩ፤ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀበርኩት።

አቶ ገብረ ኪዳን ሥዕሉን ማውረድ ጀመረ። «ግማሽ ግማሽ ብቻ። ሦስት ዓመት ተምረው ግማሽ!» አለ ለራሱ። ከዚያ ሴት መሆኔን አይቶ ይሆን አላውቅም፣ እጁን ወደ እኔ ዘረጋና «እስቲ አንቺ የመጨረሻዋ ሁኚ። ሥዕሉን ተይው፤ ስለፈለግሽው ነገር ተናገሪ» አለኝ።

ተነሣሁ። የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው፤ «መምህር እያለ የምታሳርግ አፍ ትቆረጥ» ይል ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ አንዴ ካልኩት አይመለስም። ወደ ኋላ አላየሁም፤ ባይ ኖሮ አልችልም ነበር።

«የኔታ ወልደ ጻድቅ ኢዝ…» አልኩ።

መቋሚያው እንዲመታ ጆሮዬ ጠበቀ፤ ከልማድ ነው፤ አልመታም።

«…አወር ቲቸር!» ብዬ ጮኽኩ። መምህራችን ናቸው አልኩ! ጮኽኩ ነው የምላችሁ፤ ቆርቆሮው ራሱ ሰምቷል። እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። ማንም ሳይጠይቀኝ ደግሞ ወደ ተስፋው ዞሬ «ጨርስ እንጂ አንተ ፈዛዛ!» አልኩት።

ተስፋው ብድግ አለና «ፕላውስ ዘ ላንድ!» አለ። ከዚያማ ማን ያቁመን! «ጊቭስ ሚልክ!» «ካሪ ወተር!» አርባ ልጅ ተነሥቶ ሦስት ዓመት አፉ ውስጥ የያዘውን ማሳረጊያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ለቀቀው። ውጭ ያለፈ ሰው ጠብ ተነሣ ብሎ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። አቶ ገብረ ኪዳን ሥዕሉን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሲበርድ «መሪጌታ፣ ይናገሩ፤ ምንድነው ይህ?» አለ።

የኔታ ወደ ፊት መጡ። «ጌታዬ፣ ልጆቹ ያውቃሉ። ማሳረጊያው የመምህር ነው ብዬ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ፤ እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያልኩ ስጮኽ ሦስት ዓመት ግማሹን ከአፋቸው ስወስድ ኖሬያለሁ። ይጻፉት፤ በእነሱ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ይጻፉት» አሉ።

አቶ ገብረ ኪዳን ብእሩን ኪሱ ከተተ። «ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልይ» አለ። «እርስዎ ይጀምሩ። ልጆቹ ያሳርጉ።»

የኔታ ከፊታችን ቆሙ። «ዘ ፋርመር…» አሉ። መቋሚያው ተነሣ፣ ከንፈራቸው ‹ፕ› ሊል ተገጣጠመ፣ በጥርሳቸው ነከሱት። እኛ አሳረግን። «ዘ ካው…» አሉ፤ አሳረግን። ደግመው ደጋግመው ጀመሩ፤ ሁሉንም ጨረስንላቸው። በመጨረሻ «ዌን ዘ ሬይን ከምስ…» አሉ። ይህን ጨርሰንላቸው አናውቅም፤ እሳቸውም ጨርሰውልን አያውቁም፤ ደብተር ላይም የለም። ሁላችንም ተያየን። ተስፋው ነው ያገኘው፤ «ዊ ዊል ሲንግ!» አለ። እንዘምራለን ማለቱ ነው። የኔታ የጥምጥማቸውን ጫፍ ይዘው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አቶ ገብረ ኪዳን ደግሞ የያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ የጫረበትንም ወረቀት ቀዶ አዲስ አወጣ።

ከክፍል ስንወጣ «ጥሩሐረግ፣ ነይ» አሉኝ። ነፍሴ ወጣች። ተንበርክኬ «ይፍቱኝ የኔታ፣ ከአፍዎ ነጠቅሁ» አልኩ። መስቀል አልነበራቸውም፤ ቄስ አይደሉምና፤ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። «ምነው ከሦስት ዓመት በፊት ነጥቀሽኝ በነበረ!» አሉኝ። ክረምት ሳይገባ የቋሚነታቸው ደብዳቤ መጣ። አባቴ የማር እንስራ አሸክሞኝ ቤታቸው ሄደ፤ ስለ ብብትና ስለ ቆጥ ግን ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ወዲህ የኔታ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨርሰው አያውቁም። ይጀምራሉ፤ መቋሚያውን አንሥተው ይጠብቃሉ፤ ልጅ ካላሳረገ አይመቱም፣ ፀሐይ ቢጠልቅም ይጠብቃሉ። እኔም ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ሄድኩ። በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. እሳቸው ጡረታ ሊወጡ፣ እኔ ቦታቸውን ልረከብ እዚያችው ክፍል በር ላይ ተገናኘን። አዲስ ጫማ አድርጌ እግሬን ይቆረጥመኛል። አርባ የማላውቃቸው ዓይኖች ከድንጋዩ መደብ ላይ ያዩኛል።

የኔታ አላስተዋወቁኝም፤ ማለቴ እንደ ሰው አላስተዋወቁኝም። ከሰሌዳው አጠገብ ቆሙና «ጥሩሐረግ ኢዝ…» አሉ። መቋሚያውን አነሡ።

ልጆቹ አያውቁኝም፤ ማሳረግ አልቻሉም። ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም እኔን ያያሉ፤ መቋሚያው አይወርድም። ያን ጊዜ የማንን አፍ እንደሚጠብቁ ገባኝ። ስምንት ዓመት ጠብቀዋል፤ አሁንም ቢመሽ ይጠብቃሉ። ከልጆቹ ፊት ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«…ዩር ቲቸር» አልኩ። መምህራችሁ ናት።

ጧ! አደረጉት፤ ከቆርቆሮው ላይ እርግቦች ተነሡ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊተኛው መደብ ላይ፣ ከልጆቹ መሐል ተቀመጡ።